በቃሬዛ የወረደው ሞተር

መኪናማ ነበረኝ። ሞተር ነው ያልነበረው።

እዚህ አገር በሚቆጠረው ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቃታሞኒም በሚባለው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር እንኖር ነበር። ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አንዲት ነጭ አሮጌ የቤት መኪና ቆማለች። ባለቤቷ ምድር ቤት የሚኖሩ ከሞሮኮ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ውኃ አልቆባት ሞተሯ ሲነድ ጊዜ ተስፋ ቆረጡና "ውሰዳት፤ ድመት ከምትወልድባት አንተ ትሻላለህ" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ድመቷ ግን ቀድማኝ ወልዳ ነበር። ሚስቴ እስከ መጨረሻው "የአራሷ ቤት" ነበር የምትላት።

ሚስቴ ብትስቅ አልፈርድባትም። እኔ ያን ጊዜ ታልፒዮት በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ተቀጥሬ ዘይት እቀይራለሁ፣ ጎማ እፈታለሁ፣ ማታ ወለል እጠርጋለሁ። አዲስ ሞተር መግዛት የእኔ ቢጤ የሚያስበው ነገር አልነበረም። ቢሆንም መኪናዋን በየሳምንቱ አጥባታለሁ። ጎረቤት ሲያየኝ እንዳያፍርልኝ እያፏጨሁ ነበር የማጥባት።

ነገሩ የመጣው ከእናቴ ጋር ነው። እኛ ስንመጣ እናቴ ጎንደር ቀርታለች። አያቴ ታማ ስለነበር "እናቴን አልጋ ላይ ጥዬ ኢየሩሳሌም ብገባ ኢየሩሳሌምስ ምን ትለኛለች?" ብላ ቀረች። አያቴ ካረፈች በኋላ ደግሞ የመግቢያ ፈቃድ የሚባል ነገር መጣና ዛሬ ነገ ሲባል ዓመታት ሄዱ። እናቴ አረጀች። እኔ በዚህ ዓለም ላይ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ፈቃዱ ሳይደርስ ሞት እንዳይቀድማት። በሰፈራችን እናት አባታቸው እንዲህ የቀሩባቸው ብዙ ናቸው። መርዶ ደግሞ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ከአገር ቤት ለሽማግሌ ይደወላል፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ይሰበሰባሉ፣ ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። ስለዚህ ማለዳ በር ሲንኳኳ የማይደነግጥ ሰው አልነበረም፤ የወተት ሒሳብ ሰብሳቢው እንኳ ይህን ካወቀ በኋላ ከሰዓት መምጣት ጀምሮ ነበር።

በመጨረሻ ፈቃዱ መጣ። ከክረምቱ በፊት ትገባለች ተባለ። እናቴ ከገጠር ጎንደር ከተማ ወርዳ ከስልክ ቤት አነጋገረችኝ።

"ከዚያ አይሮፕላን ስወርድ ማነው የሚቀበለኝ?" አለች።

"እኔ ነኛ፣ እማዬ።"

"ከማላውቀው ሰው ጋር አልሄድም። ወዴት እንደሚወስዱኝ አላውቅም።"

"በመኪናዬ ነው የምወስድሽ።"

"መኪና አለህ?"

"አለኝ።"

 ከዚያ አፏን ከስልኩ ሳታርቅ "መኪና አለው! ልጄ መኪና አለው!" ብላ ስትጮህ ሰማኋት። ስልክ ቤት ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሁሉ እልል ሲል እኔ እዚህ ጆሮዬ ጋለ። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ሞተር ከሰማይም ቢሆን መምጣት ነበረበት።

የመጣው ከማሃኔ ይሁዳ ነው። በዚያ ገበያ አትክልት የሚያመላልስ አንድ ትንሽ የጭነት መኪና ነበር። አካሉ በዝገት አልቆ ጋራዣችን ሲጣል ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር፤ የናፍጣ ሞተር፣ ሥሪቱም ከእኔዋ መኪና ጋር አንድ ፋብሪካ። አለቃዬን ለበዓል ከሚሰጠኝ ስጦታ ይልቅ እሱን እንዲሰጠኝ ለመንሁት። አለቃዬ ሞተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ "አይገባም" አለ።

"ይገባል።"

"ይህ የጭነት ነው፣ ያቺ የቤት መኪና ናት። ትሰበርብሃለች።"

"አትሰበርም።"

"ባላጋን ነው የምትሠራው" አለኝ፤ ዝብርቅርቅ መሆኑ ነው። ቢሆንም ሰጠኝ፣ ለሞተር ቅየራው ፈቃድም ማኅተም የሚያደርግ አንድ የሚያውቀው መሐንዲስ ፈለገልኝ። ሲናገር ክፉ፣ ሲሠራ ደግ ነበር።

እኔ ግን ሞተር አውጥቼ አስገብቼ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው አውቅ ነበር። ከነቢያት መንገድ ታጥፎ በሚገባበት በኢትዮጵያ መንገድ፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ ውስጥ የሚኖር አንድ ሽማግሌ ነው። ያን አካባቢ ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ሁለት ሰው እንኳ በቅጡ የማያሳልፍ የሚመስል ጠባብ መንገድ፣ የድንጋይ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ የሚታይ ክብ ጉልላት፣ ከውስጥ ደግሞ የሆነ ሰው በጎንደርኛ ሌላውን ሲቆጣ። ሽማግሌው በወጣትነቱ በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና የነዳ ሹፌር ነበር። ለበዓል ሊሳለም መጥቶ ሳለ አገር ቤት አብዮት ፈነዳና እዚሁ ቀረ። የግቢውን የውኃ ፓምፕ፣ በርና ቁልፍ የሚጠግነው እሱ ነው። የተዋወቅነው ማሃኔ ይሁዳ ውስጥ በአንድ የሚጥሚጣ ሻጭ ላይ በአንድ አፍ ስንጮህ ነው። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ ቤተ እስራኤል፤ አገር ቤት ብንሆን ምናልባት አንዳችን የሌላችንን ደጃፍ አንረግጥም ነበር። እዚህ ግን "የጎንደር ልጅ ነህ?" ካለኝ ቀን ጀምሮ ጋሼ እለዋለሁ።

"የጭነት ሞተር?" አለኝ፣ ስነግረው ዓይኑ በርቶ። "በቤት መኪና? አንተ ሰው፣ ይኸማ ለበግ የበሬ ልብ መስጠት ነው!"

"አይሆንም እያሉኝ ነው፣ ጋሼ?"

"መቼ አይሆንም አልሁህ? መቼ እንጀምር ነው የምለው።"

ይህ "መቼ" የሚሉት ነገር ግን ከሞተሩ ከበደን። እኔ ቅዳሜ ብረት አልነካም፤ ዓርብም ከእኩለ ቀን በኋላ እጄን ታጥቤ ሻባትን መጠበቅ አለብኝ። እሱ እሑድን አይሠራም። "ሰኞ ይሁን" ስለው "ሰኞ ሚካኤል ነው" ይለኛል። "ማክሰኞስ?" ሲለኝ "ማክሰኞ የእኛ በዓል ይገባል" እለዋለሁ። ሁለታችንም ከአለቃዬ ይልቅ የምንፈራው እግዚአብሔርን ስለነበር ያ ሞተር ጋራዥ ጥግ ተቀምጦ ሁለት ሃይማኖት ሲጠብቅ ከረመ።

ምግቡም እንዲሁ። እሱ እኛ ያረድነውን አይበላም፣ ሚስቴም እነሱ ያረዱትን ወደ ቤቷ አታስገባም። ስለዚህ እንደ ልብ አብረን የምንበላው በእሱ ጾም ቀን ብቻ ነው። ረቡዕ ሲሆን ሚስቴ ሽሮ ትሠራለች፣ እሱ ሰዓቱ እስኪደርስ ፀሐይዋን በዓይኑ እየገፋ ይቆያል፣ እኔም በይሉኝታ አብሬው እራባለሁ። ከዚያ ከአንድ ትሪ እንጎርሳለን። እንዲያ የጣመኝ ሽሮ ከዚያ ወዲህ አልቀመስሁም ብል ሚስቴ ትቀየማለች፤ እውነቱ ግን እሱ ነው።

አሮጌውን ሞተር አውጥተን ጨርሰን አዲሱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመን። ወደ ሜዳው መኪና የሚያስገባው የታችኛው መንገድ ለቧንቧ ሥራ ተቆፍሯል። የጋራዡ ሰው ሞተሩን ላይኛው አስፋልት ዳር አውርዶ "ከዚህ ወዲያ የራስህ ጉዳይ ነው" ብሎ ሄደ። ከመንገዱ እስከ ሜዳው ረጅም የድንጋይ ደረጃ አለ።

"በቃሬዛ ነዋ!" አለ ጋሼ። "በሽተኛ በምን ተሸክመን ነው ሐኪም ቤት የምናደርሰው?"

ስንመጣ ከተሰጡን የብረት አልጋዎች አንዱን ፍራሹን አነሣንለትና ሁለት ወፍራም ዘንግ አሰርንበት። ተሸካሚ ያስፈልጋል። የሰፈሩ ጎልማሶች ሁሉ ጠዋት ሥራ ይወጣሉ፣ ማታ ደክመው ይገባሉ። የቀሩት በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ጉልበታቸውን ብጠራጠርም ቃሬዛ መሸከም እንደነሱ የሚያውቅበት ስለሌለ አንድ በአንድ ዞሬ ለመንኋቸው። ደስ አላቸው። "የእናትህ መኪና ነው አይደል? እንመጣለን" አሉ። ፖሊስ ሞተሩን አስፋልት ላይ አይቶ ሳይቀጣኝ፣ በማለዳ ሊመጡ ተስማማን። ጋሼም ገመዱን ይዞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሊደርስ።

ለሚስቴ ነግሬአታለሁ። እሷ አልነገርኸኝም ትላለች። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

በሩ ሲንኳኳ እኔ ፊቴን ሳሙና ቀብቼ እታጠብ ነበር። ሚስቴ ከፈተች። ብርድ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል። ሰው እንዳይቀሰቅሱ ብለው ደረጃው ላይ ተሰልፈው ዝም ብለዋል። ከመካከላቸው ታላቁ፣ ነጭ ጢማም፣ በጣም ትሑት ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጄ፣ ባለቤትሽ ተነሥቷል? እንዳትደነግጪ" አላት።

እንዳትደነግጪ! ሚስቴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋ "ወይኔ እማምዬ! ሳያያት! ልጇን ሳታየው!" ብላ ጮኸች።

እኔ ከመታጠቢያው ቤት ወጣሁ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ሽማግሌዎቹን የጠራኋቸው እኔ ነኝ፣ ለምን እንደመጡም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን በሩ ላይ ያንን ሁሉ ጋቢ ሳይ፣ ሚስቴ እናቴን እየጠራች ስትጮህ ስሰማ፣ ሞተር የሚባል ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ዓመታት ሙሉ ስፈራው የነበረው ነገር መጣ ብዬ ብቻ አመንሁ። ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እየገባ "እናቴን! እናቴን!" እያልሁ አለቀስሁ።

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያዩ ሌሊት በስልክ የሰማን መሰላቸው። ገብተው ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ነጭ ጢማሙ ደረቱን እየመታ "አንቺ ደግ፣ ደጅ ላይ ቀረሽ!" ይላል። እናቴን ግን አይቷት አያውቅም። ከላይ ፎቅ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። የሞሮኮው ሽማግሌም ቋንቋው ሳይገባቸው በሌሊት ልብሳቸው ወንበር ተሸክመው መጡና፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አብረውን አለቀሱ።

ጋሼ በዚህ መካከል ገመዱን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ደረሰ። ገመዱን ከደጅ አስቀመጠና እሱም ገብቶ ትንሽ አለቀሰ። ከዚያ ወደ ነጭ ጢማሙ ጠጋ አለ።

"እናቱ ናት?"

"እናቱ።"

"ነፍስ ይማር። ማን ነገራችሁ?"

ሽማግሌው እንባውን ጠረገ። "እኛማ ስንመጣ እሱ እያለቀሰ ነው ያገኘነው።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ፣ ማን ነገረህ?"

"እነሱ ናቸው" አልሁት ወደ ሽማግሌዎቹ እያመለከትሁ።

"አንቺስ?"

"ማን እስኪነግረኝ?" አለች ሚስቴ እየተንሰቀሰቀች። "ይኼ ሁሉ ሽማግሌ በማለዳ ምን ሊያደርግ ይመጣል?"

"ሞተር ሊሸከም!" አለ ጋሼ።

 ከዚያ ነጭ ጢማሙ "እግዚኦ" አለና ጋቢው ውስጥ ተደብቆ መሳቅ ጀመረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አሁንም ያለቅሳል ብለው የሚያባብሉት ነበሩ። ሚስቴ ግን አልሳቀችም። "አንተንም ሞተርህንም እሳት ይብላችሁ!" ብላኝ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ እዚያ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

እኔ ሳቄ አልመጣም። ከወለሉ አልተነሣሁም። ነጭ ጢማሙ ይህን አየና ተነሥቶ እጁን ራሴ ላይ አደረገ። "እንግዲህ አልቅሰናል፣ አይመለስም። ይህ እንባ ለዕድሜዋ ይሁንላት" አለ። ሁሉም "አሜን" አሉ። ከዚያ ወጥተን ሞተሩን ቃሬዛው ላይ ጫንን። ማካፋት ስለጀመረ ሚስቴ ነጭ አንሶላ ጣለችበት። ደረጃውን ስንወርድ እውነቱ ያልደረሳቸው የሩቅ ብሎክ ሴቶች ከኋላችን እያለቀሱ ተከተሉን። ሜዳው ላይ አንሶላውን ስንገልጠው የአንዷ ፊት ምን ይመስል እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም።

በዚያው ዕለት ጎንደር ደወልሁ፤ ዘመድ ፈልጎ እስኪያመጣት ሌላ ቀን አደረ። ድምፅዋን ስሰማ አፍንጫዬን ደጋግሜ ሳብሁ። "ምነው፣ አመመህ?" አለችኝ። "ጉንፋን ነው" አልኋት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ጨዋታ ነበር ባልል እንኳ ልቤ ቀሎኝ ሠራሁ። ሞተሩ ከማረፊያው ስለሰፋ ማቀፊያ ብረቶቹን ቆርጠን እንደገና በየድን። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አልስማማ ሲል ጋሼ ሁለቱንም እንደ ባልና ሚስት እየመከረ አገጣጠማቸው። ኮፈኑ ግን አልዘጋ አለ፤ ሞተሩ ከፍ ብሎበታል። ጋራዣችን ያለ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ መካከሉ ላይ ጉብታ አወጣለት። የሰፈሩ ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጋማል" አሏት፣ ግመል ማለታቸው ነው። የዓመታዊ ምርመራው ሰውዬ መለሰን፣ ደግሞ መለሰን፣ በኋላ የመሐንዲሱን ማኅተም አይቶ ራሱን እየነቀነቀ አሳለፈን። መጀመሪያ ስትነሣ የመስኮቶቻችን መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣትና "ሊማሊሞ!" አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

እናቴ በመጣች ዕለት አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄድሁ። አዲስ ገቢዎች ሁሉ በአውቶቡስ ወደ መቀበያ ጣቢያ ካልሄዱ አይሆንም አሉኝ። ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አልሆነም። ከአውቶቡሱ ኋላ ኋላ ነዳሁ። እሷ የኋለኛው መስኮት ላይ ተለጥፋ መንገዱን ሙሉ ስታየኝ፣ እኔም ጥሩንባ ስነፋላት ሄድን። ምዝገባው አልቆ ሲለቁልኝ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኋት። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደውን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ አጓራ። እናቴ ጆሮዋን ሰጠችው።

"ይኼስ የጭነት መኪና ነው እንጂ።"

"ሞተሩ የጭነት ነው፣ እማዬ።"

"እንደሱ በለኝ። ስሰማው አገሬን አገሬን አለኝ" አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ዳገት የወጣሁትን ያህል ደስ ብሎኝ የወጣሁት መንገድ የለም።

የልቅሶውን ነገር ሚስቴ ነገረቻት። እናቴ አልተቀየመችም። "ማነው አብዝቶ ያለቀሰ?" ብላ ጠየቀች፤ በማግሥቱ ዞራ የሁሉንም እጅ ሳመች። "ስሞት ደግሞ እንዳትሰንፉብኝ። አንድ ጊዜ አልቅሰናል ብላችሁ እንዳትቀሩ" ትላቸው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ማሃኔ ይሁዳ፣ በበዓላችን በስግድ ቀን አርሞን ሀናጺቭ የሚባለው ኮረብታ፣ አንዳንዴም ኢትዮጵያ መንገድ ጋሼን ልትጠይቅ፤ በዚያች ጉብታም መኪና ስንት ቦታ ወሰድኋት። ጋሼ ከግቢው ደጅ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ገና ሳንደርስ ይወጣል። በኋላ መኪናዋ ምርመራውን ማለፍ አቃታት፤ ለብረት ሰጠኋት። ሞተሩ ያን ቀንም በአንድ ቁልፍ ነበር የተነሣው።

ዓመታት አለፉ። እናቴ እዚሁ አገር ደቡብ የምትኖር እህቴ ዘንድ ልትከርም ሄዳ ሳለ፣ አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። እኔ ነኝ የከፈትሁ። ሽማግሌዎቹ ደረጃው ላይ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ ቁጥራቸው ቀንሷል፣ ነጭ ጢማሙ የለም። ከፊት የቆመው ጋሼ ነበር፣ ምርኩዝ ይዞ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ። ትከሻውን አየሁ። ገመድ የለም።

"ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛውን ሞተር ልናወርድ ነው?" አልሁት።

 ገብተው ተቀመጡ። ሚስቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ አየቻቸውና ሳትጮህ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። እኔ አንድ ሰው "ማን ነገራችሁ?" ብሎ እንዲጠይቅ ጠበቅሁ። ያን የሚጠይቀው ጋሼ ነበር። እሱ ግን ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር።